ከደመወዟ ላይ ቁረጡት

በየሕንጻው ምንም ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ጋ የለም ካላችሁ እስቲ ደግማችሁ አስቡ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። ይህ ሰው የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛ መታወቂያ አስወጥቶ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያያል፤ "ጢምህን የተላጨኸው መቼ ነው?" ብሎም ይጠይቀዋል። "በነፃ" የሚል ቃል ሲሰማ ኪሱን ይዳብሳል። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕድለኛ ሆነዋል" የሚል መልእክት የደረሰው ቀን ደግሞ ሲናደድ ይውላል።

ለእኛ ሕንጻ የደረሱን ሰውዬ የሚኖሩት ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እሳቸው ከሥራው ጡረታ ወጡ እንጂ ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አሁንም ቀድመው የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። "ቲኬት የሌለው ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል" ይላሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እኔም እሳቸው ፊት ስቆም እጄን የት እንደማደርገው ይጨንቀኛል። ከጀርባቸው "ክቡር ተቆጣጣሪ" እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

ክቡርነታቸው የማይፈትሹት ነገር የለም። የሰርግ ጥሪ ከደረሳቸው የተጻፈው ቀን በእርግጥ ቅዳሜ መዋሉን ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ያጣራሉ። ዳቦ ቤት ሲሄዱ ሻጯን መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን እንድታሳያቸው ይጠይቋታል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሟቹ በምን እንደሞተ ሁለት ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቀው መልሱን ያመሳክራሉ። የእኔን የጋዜጣ ዓምድ ደግሞ በየሳምንቱ ያነቡና በሬን አንኳኩተው፣ "ይሄን ያልከውን ሰውዬ አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?" ይሉኛል። ሰምቼ ነው ካልኳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አይቼ ነው ካልኳቸው "የት?" ይላሉ። እንዲህ ያለ አንባቢ ለጠላቴም አልመኝም።

ሰው መቼም የማይለምደው ነገር የለም፤ እኔም ለምጃቸው ነበር። ነገሩ የተበላሸው እህቴ ሥራ መፈለግ ስትጀምር ነው።

እህቴ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ነበረች። መኪናው ተጋጭቶበት እየጮኸ የደወለውን ሰው በሁለት ቃል አረጋግታ ወደሚመለከተው ክፍል የምታሳልፍ፣ በድምፅዋ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ነበረች። ከዚያ እማዬን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ ንግግሯም ተሳሰረ። የሚያገላብጣት፣ የሚያጎርሳት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚሰጣት ሰው አስፈለገ። የቤቱ ወጪና የመድኃኒቱ ዋጋ በእኔ ደመወዝ ላይ ስለወደቀ እኔ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ፣ እህቴ ሥራዋን ለቃ ቤት ገባች። ማንም አፍ አውጥቶ "እንዲህ ይሁን" አላለም። በእኛ ቤት ከባድ ነገር ሁሉ የሚወሰነው እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የእማዬን አንሶላ እያጠፈች፣ "ቀኑን ሙሉ 'ዞር በይ፣ ዋጪ፣ በርቺ' ከማለት በቀር ያወራሁት ነገር የለም። ድምፄ እየጠፋ መሰለኝ" አለችኝ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከእማዬ ክፍል ሳትወጣ የምትሠራው፣ የራሷ የሆነ ሥራ። ከሀብትና ከሹመት የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

እንዲህ ያለውን ሰው አሽትተው የሚያገኙ ሰዎች ደግሞ አሉ። እነዚህ ሰዎች ባለሀብት አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሕፃን የታቀፈችውን፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛውን፣ በሽተኛ የምታስታምመውን ነው። በሩ የተዘጋበትን ሰው እየመረጡ በስልኩ ይገቡበታል። እኔ በዚህ ዓምድ ላይ ስንቱን ሰው ስሰድብ ኖሬአለሁ፤ እነዚህን የምሰድብበት ቃል ግን ፈልጌ አጥቻለሁ።

ማስታወቂያው እህቴ ስልክ ላይ ብቅ አለ። "ከቤትዎ ሳይወጡ ይሥሩ። ልምድ አያስፈልግም። የቀሩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው።" ሥራው የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ለዚህ መጀመሪያ አባል መሆን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሳምንት በነፃ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ትንሽ ክፍያ አለ፣ "ለማረጋገጫ ብቻ" ደግሞ የባንክ ካርድ ቁጥር ይሞላል። ከሥር በዚህ ሥራ ሕይወታቸው የተለወጠ ሰዎች በፎቶ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ። እህቴም ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ፣ እየሳቀች ስልኳን አቀበለችኝ።

እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ክቡርነታቸው መጡ። በራችን ክፍት ከሆነ የእሳቸው ጆሮ እኛ ሳሎን ውስጥ ነው።

"ማን ለማን ነው የሚከፍለው?" አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

"ጋሼ፣ ሥራ አግኝቼ እኮ ነው" አለች እህቴ።

"እሱን ሰማሁ። ማን ለማን ነው የሚከፍለው?"

"መጀመሪያ እኔ የአባልነት ትንሽ እከፍላለሁ፣ ከዚያ እነሱ ይከፍሉኛል።"

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኔ አውቶቡስ ድርጅት ስቀጠር ቲኬት ቆርጬ አልገባሁም" አሉ። "ደውዪላቸው።"

"ስልክ የላቸውም፣ በጽሑፍ ነው የሚያወሩት።"

"እንግዲያው ጻፊላቸው። ክፍያውን ከመጀመሪያው ደመወዜ ላይ ቁረጡት በያቸው። የሚከፍሉሽ ከሆነ ምን ገዷቸው? እምቢ ካሉ ግን የሚቆርጡበት ደመወዝ የላቸውም ማለት ነው።"

እህቴ እየተነጫነጨች ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ውድ አባላችን፣ ደንባችን አይፈቅድም፣ ቦታዎ ሊያልፍ ነው።" ጋሼ "ከደመወዜ ላይ ቁረጡት ብለሽ ድገሚላቸው" አሉ። ደገመችላቸው። "ለእርስዎ ብቻ ልዩ ቅናሽ አድርገናል" አሉ። "ቅናሹንም ከደመወዜ ላይ ቁረጡት በያቸው" አሉ ጋሼ። ከዚህ በኋላ ያ ሁሉ ችኩል ሰው ዝም አለ።

"አያችሁ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው" አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አወጡና ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ ከገጹ ሥር በፈዘዘ ቀለም የተጻፈውን ማንም የማያነበውን ነገር "ቲኬት!" በሚሉበት በዚያ ድምፃቸው አነበቡልን። አባሉ በጽሑፍ ካልሰረዘ ክፍያው በየወሩ ይቀጥላል። ድርጅቱ ሥራ ለመገኘቱ ዋስትና አይሰጥም። ሲጨርሱ ወደ ላይ መልሰው ከሚስቁት ሰዎች መካከል አንዷን በጣታቸው ነኩ። "ይቺ ሴትዮ እዚህ ነርስ ናት፣ ወረድ ስንል ደግሞ መምህርት ናት" አሉ። እውነትም አንድ ፎቶ ነበር።

እህቴ አላመሰገነቻቸውም። ስልኳን ተቀብላ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ አለመሆኑን ነገሩኝ እንጂ ሥራ አልሰጡኝም" አለችና ወደ እማዬ ክፍል ገባች። ጋሼ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ክቡርነታቸውን የሚችላቸው ጠፋ። ወሬው በሕንጻው ተዳረሰ፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ እሳቸው መጣ። አንዱ ቪዲዮ እያየ "ወደድኩት" በማለት ብቻ ይከፈልሃል የተባለ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ከፍለውታል፣ አሁን ወደ "ወርቅ ደረጃ" ለማደግ አምጣ ብለውታል። ሌላዋ ዕቃ ቤትሽ ድረስ እናመጣለን፣ ስትገጣጥሚው እንከፍልሻለን፣ መጀመሪያ ግን የመገጣጠሚያውን መመሪያ ግዢ ተብላለች። ክቡርነታቸው ለሁሉም የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፦ "ከደመወዜ ላይ ቁረጡት በላቸው።" ይህን ያለው ሁሉ መልስ አያገኝም። በመጨረሻ አባባሉ ከሥራ ጉዳይ አልፎ ሄደ። የሕንጻው ጥበቃ ገንዘብ ሊበደረኝ መጥቶ እምቢ ስለው እንኳ፣ "ከደመወዜ ላይ ቁረጠው" አለኝ።

ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ግን የእህቴን ማስታወቂያ ለለቀቁት ሰዎች ቀድማ የካርዷን ቁጥር ሰጥታ ነበር። አንዲት መስመር ሥራ ሳይሰጧት በየወሩ ይወስዱባታል። "ሰርዝ" የሚለውን ስትነካ "እርግጠኛ ነዎት?" ይላታል። አዎ ስትል ምክንያቷን ይጠይቃታል። ምክንያቷን ስትጽፍ "ለታማኝ አባሎቻችን ልዩ ስጦታ" ብሎ ወደ ጀመረችበት ይመልሳታል። ክቡርነታቸው "ሌባውን ልቀቀኝ ብለሽ አትለምኚውም" አሉና ወደ ባንክ ይዘዋት ሄዱ። እዚያ የነበረው ልጅ ሲስተም ስለሌለ ነገ ተመለሱ አላቸው። "እንጠብቃለን" አሉና መስኮቱ ፊት ወንበር ይዘው የልጁን እጆች ያዩ ጀመር። ሲስተሙ ብዙም ሳይቆይ መጣ። የድሮው ካርድ ተዘጋ፣ አዲስ ተሰጣት፣ ያለፈቃድ ለተወሰደውም ማመልከቻ ተጻፈ። ፀጉር ሠሪዋ እስከ ዛሬ የክቡርነታቸውን ፀጉር በነፃ ልቁረጥ ትላለች፤ እሳቸው ግን "በነፃ" ስላለች አይቆረጡም።

እዚህ ላይ ባቆም እናንተም እሳቸውን ወዳችሁ፣ እኔም ጽሑፌን ጨርሼ በሰላም በተለያየን። ግን የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ኢንሹራንስ ድርጅቱ ውስጥ ከእህቴ ጎን ትቀመጥ የነበረች ጓደኛዋ አንድ ቀን ደወለችላት። ለክሊኒኮች የቀጠሮ ስልክ የሚቀበል ድርጅት አለ፣ ሠራተኞቹ ከየቤታቸው ሆነው ነው የሚያነሱት፣ እኔም አመልክቻለሁ፣ አንቺም አመልክቺ አለቻት። የአባልነት ክፍያ የለም፣ የነፃ ሳምንት የለም፣ የሚስቅ ሰው የለም። እህቴ በዚህ ሥራ ለመቀጠር የተፈጠረች ናት። ማመልከቻዋን ላከች፤ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ሰነበተች።

ከእጇ የለየችው እማዬን ልታጥብ የገባች ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩ የጠራውም ያን ጊዜ ነው። ክቡርነታቸው የበራችንን ማጠፊያ ዘይት ሊቀቡ መጥተው ሳሎን ነበሩ፤ አነሱት። ምን እንደተባባሉ የማውቀው ማታ ከሥራ ስገባ ደረጃ ላይ ራሳቸው እየተኩራሩ ስለነገሩኝ ነው።

ደዋይዋ ስሟንና ድርጅቷን ተናግራ እህቴን ለቃለ መጠይቅ እንደምትፈልጋት አስረዳች።

"ስንት ነው የምታስከፍሏት?" አሉ ጋሼ።

"ምንም አናስከፍልም አባባ።"

"መጀመሪያ ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት። ከደመወዟ ላይ ቁረጡት።"

"ምኑን አባባ?"

"እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ልጅቷ ትዕግሥተኛ ነበረች። ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ቁጥር ወደፊት እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው፤ "አሃ" አሉ ክቡርነታቸው፣ "እንግዲህ መጣሽ።" የቢሮውን አድራሻ ጠየቋት፤ መንገዱንና ፎቁን ነገረቻቸው። እዚህ ላይ የሙያቸውን የመጨረሻ መሣሪያ መዘዙ።

"በዚያ በኩል የሚያልፈው ስንት ቁጥር አውቶቡስ ነው?"

ልጅቷ አላወቀችውም። "እኔም የምሠራው ከቤት ሆኜ ነው አባባ፣ በአውቶቡስ ሄጄ አላውቅም" አለቻቸው።

ነገሩ በዚህ አበቃ። ክቡርነታቸው የመሥሪያ ቤቷን አውቶቡስ የማታውቅ ሠራተኛ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ዳግመኛ ከደወለች ለፖሊስ እንደሚሰጧት ነግረዋት ዘጉት። እህቴ እጇን እያደረቀች ስትወጣ፣ "አንድ ሌባ አባረርኩልሽ" አሏት።

እህቴ የደወለው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ገባት። ደወለች፣ ደጋግማ ደወለች፣ በመጨረሻ አነሱላት። ቤተሰቧ ፈቃደኛ አለመሆኑን ስለተረዱ ቦታውን ለሌላ አመልካች ሰጥተውታል፤ በጣም ይቅርታ ጠየቋት። ሌላዋ አመልካች ያቺው ጓደኛዋ ናት። እስከ ዛሬ ከሳሎኗ ሆና ስልክ ታነሳለች፣ ወር በመጣ ቁጥር ደመወዟ ይገባል፣ ማንም ምንም አይቆርጥባትም።

እህቴ አልጮኸችም። ወደ እማዬ ገብታ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። እሱ ነው ያበሳጨኝ። ሄጄ የክቡርነታቸውን በር በጡጫ መታሁት፣ ሲከፍቱም እዚህ የማይጻፍ ብዙ ነገር ተናገርኩ። "በእርስዎ ቤት ሁሉም ሰው ያለ ቲኬት የተሳፈረ ነው" አልኳቸው፤ "እህቴ አንዴ ቲኬት ቆርጣ ብትመጣ እርስዎ ገፍትረው አወረዷት።" ሁልጊዜ "አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?" የሚሉት ሰውዬ ያን ቀን ምንም አልጠየቁኝም። ጉርድ ሱሪ እንደለበሰ ልጅ በራቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አንዴ ኪሳቸው ውስጥ፣ አንዴ ከኋላቸው ያደርጉ ነበር። የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸዋል።

አንጀቴ እስካሁን ይቃጠላል። ግን ደግሞ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያቺ ደዋይ የተናገረችው ቃል ሁሉ ሌቦቹ ቀድመው የተናገሩት ነው። "ከቤት ሆኖ መሥራት" ብላለች፣ እነሱም ብለዋል። የባንክ ቁጥር ብላለች፣ እነሱም ብለዋል። እነዚህ የማይረቡ ሰዎች ከፀጉር ሠሪዋ የወሰዱትን ባንኩ ምናልባት ያስመልስ ይሆናል። የሐቀኛዋን ልጅ ቃል ሰርቀው ማንም እንዳያምናት ያደረጉትን ግን የትኛው ባንክ እንደሚያስመልስ አላውቅም።

ክቡርነታቸው ከዚያ በኋላ ከቤታቸው እምብዛም አይወጡም ነበር። ስልኩን ይዞ የመጣውን ሁሉ "እኔ አላውቅም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ" ይሉት ጀመር። ዓምዴ ወጥቶም በሬ አልተንኳኳም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን የጻፍኩትን እያነበብኩ ራሴን "ይሄን አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?" ስል አገኘሁት።

በዚህ መካከል ኢንሹራንስ ድርጅቱ እህቴን መልሶ ጠራት፣ የጠዋት ፈረቃ ስልክ ተቀባይ ጎድሎበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእማዬ ጋር የሚሆን ሰው ብቻ ነው የጠፋው። አስታማሚ ለመቅጠር አቅማችን አይፈቅድም። ዘመድ ጎረቤቱን አንድ በአንድ እየቆጠርን ሳለ እህቴ፣ "ጋሼን እጠይቃለሁ" አለች።

"ምናቸውን?" አልኳት። "እሳቸው እሺ ከማለታቸው በፊት እማዬ በእርግጥ መታመሟን በምስክር ያጣራሉ።" ልቤ አላረፈም፤ በጥያቄ ቢያስለቅሷት ዝም ላለማለት ተከትያት ሄድኩ።

አንኳኳች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

"ጋሼ፣ የጠዋት ሥራ አግኝቻለሁ" አለች። "ወጥቼ ነው የምሠራው። እማዬን የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም። የምከፍለውም የለኝም።"

እኔ ጥያቄዎቹን መጠበቅ ጀመርኩ። የማን ድርጅት ነው፣ እስከ መቼ ነው፣ ብትወድቅ ተጠያቂው ማን ነው፣ ማን ለማን ነው የሚከፍለው። ሰንሰለቱ ሲነሳ ሰማሁ፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

"ስንት ሰዓት ልምጣ?" አሉ ጋሼ።

በማግስቱ ከተባለው ሰዓት ቀድመው፣ የድሮውን የተቆጣጣሪ ኮታቸውን ተኩሰው ለብሰው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ያቺን የጠፋች ሥራ ይቅር አላልኳቸውም፣ የምላቸውም አይመስለኝም። ግን እህቴ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ወደ እማዬ አልጋ ጠጋ ብለው፣ "እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ የፊት ለፊቱ" አሏት። እማዬ የምትታዘዛትን እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ዘረጋችላቸው። ጋሼ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።